ማሽኑና ኮምፒዩተሩ ቢኳረፉ የፍቅር ደብዳቤው ሳይነበብ ሰነበተ!

ስለ ተኳረፉ ፍቅረኞች በዚህ ዓምድ ብዙ ተባብለናል። የዛሬዎቹ ኩርፈኞች ግን ሰዎች አይደሉም። አንዱ ዓይነ ስውራን ማስታወሻ የሚይዙበት አነስተኛ የብሬል ማሽን ነው፤ ሌላው ተራ ላፕቶፕ። በመሀላቸው የተቸገረው ደግሞ ከዳባት መጥቶ ጎንደር ላይ የሚማር ዓይነ ስውር ወጣት።

ማሽኑን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ስክሪን የሚባል ነገር የለውም። ከላዩ ቁልፎች፣ ከፊቱ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች አሉት። ነጥቦቹ ብድግ ዝቅ እያሉ ፊደል ይሠራሉ፤ ጣት ያነባቸዋል። የኛ ፊደል በብሬል ሲጻፍ ተነባቢውና አናባቢው ተነጣጥለው ስለሚቀመጡ፣ "ሙ" ለማለት ብቻ ሁለት ምልክት ያስፈልጋል። በስሌትና በስታይለስ ወረቀት እየወጉ ሌክቸር መከተል ምን ያህል ጣት እንደሚያዝል አስቡት! ማሽኑ ይህን ድካም ያስቀራል።

ልጁ ያለው ኒውዚላንድ የተፈጠረው "ብሬይልኖት ኤምፓወር" ነው፤ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የወጣ። አሜሪካ ያለች አክስቱ አሮጌውን በቅናሽ ገዝታ ላከችለት። ለብቻው ሲሠራ እሳት ነው። ከላፕቶፑ ጋር ሲያገናኙት ግን ላፕቶፑ "አላውቅህም" ይለዋል።

"ታዲያ ኖትህን ከያዝክበት ላፕቶፑ ምን ያደርግልሃል?" አልኩት። ፈራ ተባ እያለ ነገረኝ። የሚወዳት ልጅ በቴሌግራም ረጃጅም ነገር ትጽፍለታለች። የሚያነብለት የዶርም ጓደኛው ነው።

"ስልክህ በኢርፎን አያነብልህም?"

"ያነባል፤ ግን አማርኛውን እያንተባተበ ሲያነበው ፍቅር መሆኑ ይቀርና የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል። በጣቴ ሳነብ ግን ድምፁ የእሷ ይሆናል።"

ከዚህ በኋላ ምን እላለሁ? አብሬው ፒያሳ አንድ ኮምፒዩተር ቤት ሄድኩ። ባለሙያ ተብዬው ማሽኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ "ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ" አይለንም! የሴሚስተሩ ኖት በሙሉ እውስጡ ነው። ልጁ ማሽኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ።

ነገሩ ቫይረስ ሳይሆን ድራይቨር ነው። ድራይቨር ማለት በማሽኑና በኮምፒዩተሩ መሀል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስ ሲለወጥ አስተርጓሚው አብሮ ካልተለወጠ ሁለቱ መነጋገር ያቆማሉ። ይህ ማሽን በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፋይል የሚለዋወጠው "አክቲቭሲንክ" በሚባል ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ ሲመጣ በሌላ ተተካ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ያኛውም ባለቤት አጣ። ለ32 ቢት የተሠራ ድራይቨር ደግሞ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጭራሽ አይሠራም። የድሮው ሰፊ የሲሪያል ገመድ ቀዳዳም ከአዳዲስ ላፕቶፖች ጠፍቷል። መቀየሪያ ገመድ ልግዛ ብትሉ፣ እሱም የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል! ለአስተርጓሚው አስተርጓሚ መቅጠር በሉት።

መውጫው የተገኘው በሌላ በር ነው። ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን አንባቢ ፕሮግራም አለ፤ ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን ያበለጸጉት፣ በነፃ የሚገኝ። እሱ የዚህን ማሽን ቋንቋ ያውቃል፤ ያውም በብሉቱዝ! ማሽኑን ወደ ብሬል ተርሚናል ማዞር፣ ከላፕቶፑ ጋር በብሉቱዝ ማስተዋወቅ፣ ከዚያ በኤንቪዲኤ ውስጥ የማሽኑን ስምና የኢትዮጵያን ብሬል ሠንጠረዥ መምረጥ ነው። ሠንጠረዡ ካልተመረጠ ጣታችሁ ሥር የሚመጣው አማርኛ አይሆንም። ኖቱን ለማውጣት ደግሞ በተራ ቴክስት አስቀምጦ በሚሞሪ ካርድ መገልበጥ ይበቃል፤ ድራይቨር አይጠይቅም።

ዘመድ ውጭ አገር ያላችሁ ግን ሳይገዛ በፊት ጠይቁልኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለብሬል ማሽኖች አንድ የጋራ የዩኤስቢ መግባቢያ ወጥቷል፤ አፕልና ማይክሮሶፍትም አብረውበት ሠርተዋል። ይህን የሚከተል ማሽን የራሱን ድራይቨር አይፈልግም። አክስትየው ይህን ብታውቅ ኖሮ ገንዘቧን ሌላ ማሽን ላይ ታውለው ነበር፤ ግን ማን ነግሯት?

ብሉቱዙ የሠራ ዕለት ልጁ ነጥቦቹን እየዳሰሰ ብቻውን ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሳቀ።

"ምን አለችህ?" አልኩት።

"አንተን ምን አገባህ!" አለኝ።