ያውቁ ኖሯል? «ዶክተር ሁ» እና ከባሕር ወለል በታች ያለችው ከተማ

እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በቢቢሲ የሚታየው «ዶክተር ሁ» የተሰኘው የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ በቀደሙት ዘመናት ከብሪታንያ ውጭ የተቀረጸው እጅግ አልፎ አልፎ ሲሆን፣ በ1979 ከታየው የፓሪሱ ታሪክ ቀጥሎ ሁለተኛው የውጭ አገር ቀረጻ የተካሄደው በአምስተርዳም ነው። በጥር 1983 በአራት ክፍሎች የቀረበውን ይህን ታሪክ፣ «አርክ ኦፍ ኢንፊኒቲ»ን፣ የጻፈው ጆኒ ባይርን ሲሆን፣ ዶክተሩን ሆኖ የተወነው ፒተር ዴቪሰን ነበር።

የታሪኩ ባላንጣ ኦሜጋ ከፀረ ቁስ ዓለም ወደ እኛው ዓለም ለመሻገር ይጥራል። ፀረ ቁስ ማለት ቅንጣቶቹ ከተራው ቁስ ቅንጣቶች ጋር እኩል መጠነ ቁስ፣ ነገር ግን ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው ነገር ሲሆን፣ ሁለቱ ሲገናኙ ተጠፋፍተው ወደ ኃይል ይለወጣሉ። ኦሜጋ አምስተርዳምን የመረጠው፣ በድራማው አባባል፣ ለመሣሪያው የሚያስፈልገው ግፊት ከባሕር ወለል በታች በሆነ ስፍራ ስለሚገኝ ነው። ምክንያቱ ከፊዚክስ ይልቅ ለቀረጻው ሰበብ የተፈለገ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ 6.76 ሜትር ከባሕር ወለል በታች የሚወርደው በሮተርዳም አቅራቢያ የሚገኘው የዛውድፕላስ ፖልደር፣ ማለትም ውኃው ተመጥጦ በግድብ የታጠረ መሬት፣ የተሻለ ይሆን ነበር።

በመጀመሪያው ክፍል ዶክተሩን ተኩሶ የሚጥለውን የዘብ አዛዥ የተጫወተው ኮሊን ቤከር፣ በ1984 ዴቪሰንን ተክቶ ራሱ ዶክተሩ ሆኗል።