ባልና ሚስቱን ያጣሉት ሁለት በሮች

መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ኪሎ ሜትሩ ነው የሚሉ አሉ። የለም ሞተሩ ነው የሚሉም አሉ። ሰሞኑን ከወደ አሜሪካ የደረሰኝ ጥያቄ ግን የበር ቆጠራ ነው። ጠያቂዬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖር የ33 ዓመት ሰው ነው፤ ስሙን አንጠቅስም። ባለቤቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሁለቱም ደፋ ቀና ብለው 19 ሺህ ዶላር አጠራቅመዋል። ከዚህ ላይ መኪና ይገዛል፤ ከሚተርፈው ደግሞ የሚስትየው እናት ከአዲስ አበባ መጥተው ልጃቸውን እንዲያርሱ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆረጣል። ቪዛውም ወጥቷል። ስምምነታቸው ይኸው ነበር።

በመሐል ባል ሆዬ አንድ ሰማያዊ ቢ.ኤም.ደብሊው 428 አየ! የ2014 ሞዴል ነው (የሞዴል ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው)፣ ባለ ሁለት በር፣ ኩፔ የሚሉት ዓይነት። ሚስት ደግሞ እዚያው ሻጩ ግቢ ከጎኑ የቆመውን 328 ወደደች። ያው ቢ.ኤም.ደብሊው፣ ያው ሞዴል፣ የሄደበትም ኪሎ ሜትር ተቀራራቢ፣ በሩ ግን አራት። ኩፔው በ2 ሺህ 300 ዶላር ይበልጣል። ይህቺ ገንዘብ ደግሞ የእናትየው ቲኬትና የመጓጓዣ ወጪ ሁሉ ናት። "2 ሺህ 300 ዶላር ጨምረህ ሁለት በር ልታስቀንስ ነው?" አለችው አሉ። እሱም አልተኛላትም፤ "አነዳዱ እኮ ሌላ ነው፤ ኩፔ ኩርባ ላይ መሬት ይነክሳል!" ብሎ ተሟገተ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ኩርፊያ ነግሧል። "ወንድሜ፣ አንተ መኪና ትወዳለህና እውነቱን ንገረኝ፤ ይለያል ወይስ አይለይም?" ይለኛል።

በትዳሩ አልገባም። ሚስት የሌለው ሰው ስለ ትዳር ቢያወራ ማን ይሰማዋል? በመኪናው ግን እገባለሁ።

የሁለቱ መኪኖች ልብስ ቢገፈፍ ከሥር ያለው አጥንት አንድ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በሁለቱም 2 ሜትር ከ81 ሴንቲ ሜትር ነው። ሞተሩ በሁለቱም ሁለት ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ ያለው፣ 240 የፈረስ ጉልበት። አውቶማቲክ ካምቢዮውም ያው ባለ ስምንት ማርሽ ነው። እስከ 2013 ድረስ ኩፔውም ሴዳኑም በአንድ "3" በሚል ቁጥር ነበር የሚጠሩት። በዚያ ዓመት ፋብሪካው ኩፔውን ነጠለና "4" አለው። ቁጥሩ ሲያድግ ዋጋውም አብሮ አደገ። አንድ ቤት ካደጉ መንትዮች አንደኛው ስሙን ቀይሮ ጌታ ነኝ አለ እንደ ማለት ነው።

ልዩነት ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ኩፔው ከሴዳኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ የኋላ ጎማዎቹም ትንሽ ተራርቀው ነው የሚቆሙት። ክብደት ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር መኪናው ሲታጠፍ የሚያጋድለው ያንሳል፤ ይሄ ክርክር የለውም። ግን ልዩነቱን የሚያውቀው ማነው? የውድድር ሜዳ ላይ ሰዓት እየተያዘለት የሚነዳ ሰው ያውቀዋል። በየጧቱ 395 አውራ ጎዳና ላይ ተሰልፎ ወደ ዋሽንግተን የሚያዘግመው ጠያቂዬ ግን ኩርባውን ከየት ሊያመጣው ነው?

መኪና መሬት የሚነክሰው በበሩ ቁጥር አይደለም። መጀመሪያ ጎማው ነው። ያ ሁሉ ብረት ከመሬት ጋር የሚገናኘው እያንዳንዳቸው መዳፍ በሚያካክሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። ቀጥሎ የክብደቱ አከፋፈል ይመጣል። ቢ.ኤም.ደብሊው ስሙን የተከለው ክብደቱን ለፊትና ለኋላ እኩል ለማካፈል ስለሚደክም ነው። ከዚያ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ፣ ከዚያም መሪው አለ። የፊት ጎማ መዞሩንም መጎተቱንም ብቻውን ሲሸከም፣ በፍጥነት በታጠፋችሁ ቁጥር መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ መውጣት ያምረዋል። ሥራው ሲከፋፈል ግን ፊተኛው ያዞራል፣ ኋለኛው ይገፋል፤ አንዱም አይጨናነቅ። እነዚህ ነገሮች በሙሉ በሴዳኑም ላይ አሉ! ጠያቂዬ የወደደው አነዳድ በአራቱም በር ይገባል ማለት ነው።

ይህን የምለው ከወረቀት ላይ አንብቤ ብቻ አይደለም። እዚህ አዲስ አበባ ሁለት ወዳጆቼ የቀድሞውን ትውልድ ቢ.ኤም.ደብሊው 318 ይነዳሉ፤ የአንዱ ሴዳን፣ የሌላው ኩፔ። አንድ እሁድ በማለዳ ሁለቱንም ተራ በተራ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት አወጣኋቸው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ኩፔው ውስጥ ስትገቡ ዝቅ ትላላችሁ፣ በሩ ረጅም ነው፣ መስታወቱ ክፈፍ የለውም፤ ገና ሳይነሳ ልብ ይሞላል። በ40 የምትሄዱት በ60 የምትሄዱ ይመስላችኋል። ኩርባው ላይ ግን ረጋ ብሎ የያዘልኝ ሴዳኑ ነበር። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ ሴዳኑ አዲስ ጎማ አስሮ ነበር። የኩፔው ጎማ እንደ ሸክላ ምጣድ ልሙጥ ብሏል። ባለቤቱ ለሚያብረቀርቅ ቸርኬ ገንዘብ ሲያገኝ ለጎማው አጥቶ!

ሌሎቹም ቤት ብትሄዱ ታሪኩ ይቀራረባል። ሌክሰስን ውሰዱ። ባለ አራት በሩ አይ.ኤስ፣ ባለ ሁለት በሩ አር.ሲ ይባላል። አር.ሲ በ2014 ለገበያ ሲቀርብ ከሦስት መኪና አካል ተቀጣጥሎ ነው የተሠራው፤ ፊቱ ከትልቁ ጂ.ኤስ፣ መሐሉ ጣሪያው ከሚከፈተው አይ.ኤስ፣ ኋላው ደግሞ ከአይ.ኤስ ሴዳን። ውጤቱስ? ስፖርት ነው ተብሎ የሚሸጠው ኩፔ ከቤተሰብ መኪናው ከበደ! ባለ 3.5 ሊትሮቹን ብናነጻጽር ልዩነቱ ከ60 ኪሎ ይበልጣል። አንድ ጎረምሳ ሁልጊዜ ኋላ ወንበር ጭኖ እንደ መዞር ነው። አር.ሲ ያምራል፤ ለኩርባ ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ሴዳኑን ሳይነዳ እንዳይፈርም።

ኢንፊኒቲ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ሴዳኑ ኪው 50፣ ኩፔው ኪው 60 ነው፤ በሁለቱ ጎማዎች መሐል ያለው ርቀት እዚህም አንድ ዓይነት ነው፣ 2 ሜትር ከ85። ኪው 50 በ2013 ሲወጣ ከመሪው ወደ ጎማው ትእዛዝ የሚያደርሰው ሽቦና ኮምፒዩተር የሆነበት የመጀመሪያው የገበያ መኪና ነበር። የብረት ዘንጉ አለ፤ ኮምፒዩተሩ ቢያቅተው ብሎ ተጠባባቂ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ብዙ የመኪና ጸሐፊዎች ታዲያ "መሪው ደንዝዟል፣ መንገዱን አይነግረንም" ብለው አማረሩ። ይህ መሪ በሁሉም ላይ የለም፤ ተራውን መሪ የያዙም አሉ። ስለዚህ በኢንፊኒቲ ቤት በኩፔና በሴዳን መካከል ካለው ይልቅ በሁለት ሴዳኖች መካከል ያለው የአነዳድ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል! መርሴዲስ ሲ-ክላስ ያው ነው፤ የ2014ቱ ሴዳንና በ2015 የተከተለው ኩፔ የቆሙት በአንድ ዓይነት መሠረት ላይ ነው። አውዲን ዘልዬዋለሁ፤ በረዶ ለሚበዛበት አገር ሰው አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው ዓይነት ይበጀዋል ብዬ ልለፍ።

ለኩፔውም ጠበቃ ልቁምለት። ቁንጅና ከንቱ ነው የሚል ሰው ቅዳሜ ጫማውን ለምን ያስጠርጋል? ብቻውን የሚኖር፣ ዕዳ የሌለበት፣ ጧት ወጥቶ መኪናውን ዞር ብሎ ሲያየው ቀኑ የሚበራለት ሰው ኩፔ ይግዛ፤ ማንም አይፍረድበት። "እነዚህ መኪኖች እየጠፉ ስለሆነ ነገ ዋጋቸው ይንራል" የሚሉም አሉ። መጥፋታቸው እውነት ነው። ኢንፊኒቲ ኪው 60ን በ2022 አቆመ፤ መርሴዲስ የሲ-ክላስ ኩፔን በ2023 ሲ.ኤል.ኢ በሚባል ትልቅ መኪና ተካው፤ አውዲም በ2024 ኤ5 የሚለውን ስም ለባለ አራት በር ሰጠና ሁለት በሩን ተወው። ነገር ግን ዋጋው የሚንረው ጥቂት ተሠርቶ ብዙ የሚፈለገው፣ ጉልበቱ የበዛው ዓይነት ነው እንጂ ተራው ባለ አራት ሲሊንደር አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ። ጠያቂዬን "ከደመወዝህ ሌላ ገቢ አለህ?" አልኩት።

"ቅዳሜና እሁድ ኡበር እሠራለሁ።"

"በየትኛው መኪና?"

"አሁን በያዝኳት አሮጌ ቶዮታ። እሷን እሸጥና..." አለና ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ኡበር ባለ ሁለት በር መኪና አይመዘግብም! ይህ ሰው 2 ሺህ 300 ዶላር ከፍሎ የሳምንቱን መጨረሻ ገቢውን ሊያቋርጥ ነበር። በዚያ ላይ የሚወለደው ልጅ አለ። አሜሪካን አገር ሕፃን ያለ ወንበሩ መኪና ላይ አይጫንም፤ ወንበሩ ደግሞ ኋላ ነው የሚታሰረው። የኩፔ በር ረጅም ነው፤ መኪኖች ተጠጋግተው በቆሙበት ግማሽ ከፍታችሁ፣ የፊቱን ወንበር አጥፋችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ የተኛ ሕፃን ማስገባት... አራሷ ወገቧ ምን በወጣው? ኢንሹራንሱም አለ። ኩባንያዎቹ የእያንዳንዱን ሞዴል የአደጋ ታሪክ አይተው ነው የሚተምኑት፤ ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሁለቱንም መኪና ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ሰጥቶ ማስተመን ነው። ነጻ ነው፤ ስልክ መደወል ብቻ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚስትየዋ ራሷ ደወለች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። "እኔም እኮ ኩፔው ያምረኛል" አለችኝ። "እማዬን ግን ካየኋት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መኪናውን ተው አላልኩትም፤ እሷን አስቀድምልኝ ነው ያልኩት።" ቲኬቱ በማግሥቱ ተቆረጠ። መኪናው ገና አልተገዛም፤ 328ቱን ቅዳሜ ሊያዩት ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ቃል ጣል ላድርግ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስላስታወቀ፣ እዚህ ምርጫው ቀድመው ከገቡት መካከል ነው። ኩፔ ደግሞ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ የበሩ መስታወት ቢሰበር ከሴዳን ተፈትቶ አይገጠምለትም።

ቅዳሜ ለሚያዩት ጥንዶች የላክሁላቸው ይኸው ነው፤ ሌላውም ይጠቀምበት። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ድረሱ፤ ሻጩ ቀድሞ ካሞቀው በሌላ ቀን ተመለሱ። የዚህ ሞተር የታይሚንግ ሰንሰለት መምሪያው ፕላስቲክ ነው፤ እስከ 2015 መጀመሪያ በተሠሩት ላይ እየተሰባበረ ሞተር የጨረሰባቸው ብዙዎች ናቸው፣ አሜሪካ ውስጥ ክስም ተመሥርቶበታል። ኩፔም ሴዳንም ብትሉ ያው ነው። ሲነሳ ከሞተሩ ፊት በኩል ቀጭን ፉጨት የመሰለ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሰንሰለቱ የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ፤ ከሌለ ተሰናበቱ። ዘይት በየስንት ጊዜው እንደተቀየረ መዝገቡን እዩ። ኮፈኑን ዘግታችሁ ንዱት፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ላላ ስታደርጉት ወደ አንድ ወገን ይስባል? ፍሬን ስትይዙ መሪው ይንቀጠቀጣል? ጎማው ቢተነፍስም ጥቂት የሚሄድ ጠንካራ ዓይነት ከሆነ ትርፍ ጎማ የለውም ማለት ነው፤ ጉድጓድ ላይ ቢያንገጫግጫችሁ አትደንግጡ። በመጨረሻ ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ጎን አንብቡ። አራት አሃዝ ታገኛላችሁ፤ 2318 ቢል በ2018 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው፣ ጥርሱ ምንም ያህል ደህና ቢመስል፣ የአራት ጎማ ዋጋ ከመኪናው ላይ ይቀነስላችሁ።