በኮምፒዩተር ቅጽ ላይ የሚሞላውን ቃል ስለ መመርመር



በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ሁሉ የመዝገብ ቤትን ሥርዓት ያውቃል። ባለጉዳይ ማመልከቻውን ይዞ ሲቀርብ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብሎ ዝም ብሎ ከፋይል ውስጥ አይከተውም፤ አስቀድሞ ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ መጻፉን፥ ቀኑ መሞላቱን፥ ፊርማው መኖሩን ይመለከታል። የጎደለ ነገር ቢያገኝ «ይህን አሟልተው ይምጡ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ሠራተኛ በዘነጋበት ቀን የገባች አንዲት የተሳሳተች ወረቀት ከብዙ ዓመት በኋላ የአንድን ሰው የጡረታ መብት ልታበላሽ እንደምትችል ከእናንተ የሚሰወር አይደለም።

በአሁኑ ጊዜ ብዙው ጉዳይ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። ባለጉዳዩ ቅጹን በእጅ ስልኩ ላይ ራሱ ይሞላል፤ የመዝገብ ቤቱንም ሠራተኛ ተግባር የሚፈጽመው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ጃቫ ስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ ነው። የዚህን ቋንቋ የመጀመሪያ መልክ በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ኔትስኬፕ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብሬንዳን አይክ በ10 ቀናት ውስጥ አዘጋጀው። በዚያን ዘመን መስመሩ ቀርፋፋ ስለ ነበረ፥ ቅጹ ወደ ሩቁ ኮምፒዩተር ከመላኩ በፊት እዚያው በባለጉዳዩ ፊት ጉድለቱን ማሳየት ከቋንቋው ዋና ዋና አገልግሎቶች አንዱ ሆነ። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ምርመራ ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባለሙያ ቢሆንም፥ ቅጹ ምን እንዲቀበልና ምን እንዲመልስ የሚያዝዘው መሥሪያ ቤቱ ስለ ሆነ ነገሩን ማወቅ የእናንተም ድርሻ ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በቅጹ ሣጥን ውስጥ የሚጻፈው ሁሉ፥ ቁጥርም ቢሆን፥ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው እንደ ጽሑፍ ሆኖ ነው። ስለዚህ 5 እና 3 ከሁለት ሣጥኖች ተወስደው ሳይለወጡ ቢደመሩ ውጤቱ 8 ሳይሆን 53 ይሆናል። ጽሑፉን ወደ ቁጥር መለወጥም የራሱ አደጋ አለው። «ነምበር» የሚባለው የቋንቋው ትእዛዝ ባዶ ሣጥን ሲሰጠው «ምንም አልተጻፈም» አይልም፤ 0 ይላል። «ፓርስ ኢንት» የሚባለው ሌላው ትእዛዝ ደግሞ ከፊት ያገኘውን ቁጥር አንብቦ እንግዳ ምልክት ሲያይ ያቆማል። እንግዲህ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ እንደ ልማዱ በነጠላ ሰረዝ ለይቶ 1,200 ብር ብሎ ቢጽፍ፥ ትእዛዙ 1 ብር ብሎ ይይዘዋል። አንድም የስሕተት ደወል ሳይሰማ 1,199 ብር ጠፋ ማለት ነው። በግዕዝ አኃዝ ፲፪ ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ ጭራሹኑ ቁጥር እንዳልጻፈ ይቆጠርበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የስምን ነገር እንመልከት። አዳማ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። ከተማይቱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድ የሚያልፍባት፥ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ የሚገናኝባት ስለ ሆነች፥ በአንድ መስኮት ፊት ከቆሙት ባለጉዳዮች አንዱ ስሙን በግዕዝ ፊደል፥ ሁለተኛው አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በቁቤ ያሰፍራል። ከውጭ አገር የተቀዳ ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሃያ ስድስቱን የላቲን ፊደላት ብቻ ነው። በግዕዝ የጻፈውን «ስምዎ ትክክል አይደለም» ይለዋል። በቁቤ የጻፈውም ቢሆን በስሙ መካከል «ሁደሃ» የሚባለው ጭረት ካለበት ተመላሽ ይሆናል። ሌላው ፕሮግራም ደግሞ «ስም ከሦስት ፊደል ማነስ የለበትም» የሚል ደንብ ይዞ ይመጣል። በላቲን ፊደል ይህ ደንብ ጉዳት ላይኖረው ይችላል፤ በእኛ ፊደል ግን ቶላ፥ ጫላ፥ ሣራ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም መንግሥት ባቆመው መስኮት ላይ «ስም አይደለም» የተባለ ዜጋ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገብቷል፤ መሠረታዊው ክፍሉም ከቁጥር 4608 እስከ 4991 ያለውን ቦታ ይዟል። ጃቫ ስክሪፕትም ከ2018 ወዲህ የማንኛውንም ሕዝብ ፊደል «ፊደል ነው» ብሎ የሚለይበት ደንብ አለው። የሚያስፈልገው ደንቡን የሚያዝዝ ሰው ብቻ ነው።

የከተሞቹም ስም እንዲሁ ነው። አዳማን ናዝሬት፥ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት፥ ባቱን ዝዋይ እያሉ የሚጠሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ የቆዩ ሰነዶችም የተጻፉት በዚያው ስም ነው። የትውልድ ቦታን ባለጉዳዩ እንደ ፈቀደ እንዲጽፍ ከተተወ አንዲት ከተማ በመዝገቡ ውስጥ ሦስትና አራት ከተማ ትሆናለች። ስለዚህ ቦታን ከተዘጋጀ ዝርዝር ማስመረጥና የቀድሞውን ስም ለሚጽፍ ሰው ያሁኑን ማሳየት ይሻላል። ፀሐይና ጸሀይ፥ ኃይሉና ሀይሉ ለጆሯችን አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ ሲፈልግ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ሊቆጥር ይገባዋል፤ ሲመዘግብ ግን ባለቤቱ የጻፈውን ስም መለወጥ አይፈቀድለትም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከፋው፥ ወደ ቀን አቆጣጠር እንምጣ። እንደምታውቁት ወሮቻችን 13 ናቸው፤ አሥራ ሁለቱ 30 ቀን ሲኖራቸው ጳጉሜን 5፥ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። ጃቫ ስክሪፕት ከራሱ ጋር ይዞት የሚዞረው የቀን መሣሪያ ግን የተሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ወሮችንም የሚቆጥረው ከ1 ሳይሆን ከ0 ጀምሮ ነው። አንድ ሰው ጥቅምት 30 ቀን 1970 ተወለድኩ ሲል በቁጥር 30/2/1970 ይጽፋል። መሣሪያው ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ይወስደዋል፤ ያ ወር በዚያ ዓመት 28 ቀን ብቻ ስላለው የተረፈውን ሁለት ቀን አሻግሮ ማርች 2 ይለዋል። ጳጉሜን 3 ቀን 1970 የተወለደውንም አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ወደሚቀጥለው ዓመት ወስዶ ጃንዋሪ 3 ቀን 1971 ያደርገዋል። አይቃወምም፥ አይጠይቅም፤ በዝምታ ያርማል። ስለዚህ ጠንቃቃ የፕሮግራም ሠራተኛ መሣሪያው የሰጠውን ቀን ባለጉዳዩ ከጻፈው ጋር መልሶ ያስተያያል፤ ካልተስማሙም አይቀበልም። ለራሳችን አቆጣጠር ደግሞ የራሱን ደንብ ይጽፋል፤ ወሩ ከ1 እስከ 13፥ ቀኑ ከ1 እስከ 30፥ ጳጉሜን ሲሆን እስከ 5፥ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ እስከ 6።

የስልክ ቁጥርም ምሳሌ ይሁነን። ስሙ ቁጥር ቢሆንም የሚደመርና የሚቀነስ ነገር ስላልሆነ በጽሑፍነቱ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ቁጥር ቢለወጥ ከፊቱ ያለው 0 ይጠፋል። አንዱ በ09፥ ሌላው በ251 ቢጀምረው ፕሮግራሙ ወደ አንድ መልክ አምጥቶ ይያዘው እንጂ ሰውን አያመላልስ። ደንቡም ከጊዜው ጋር መታደስ ይገባዋል። ለብዙ ዓመታት የእጅ ስልክ ቁጥራችን በ09 ብቻ ይጀምር ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። የቀድሞው ደንብ ሳይለወጥ የቀረበት ቅጽ ሁሉ እውነተኛውን ቁጥር ሐሰት ነው ይላል።

አንባብያን ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። በባለጉዳዩ ስልክ ላይ የሚደረገው ምርመራ የመስተንግዶ ምርመራ እንጂ የጥበቃ ምርመራ አይደለም። ስልኩ የባለጉዳዩ ንብረት ነው፤ ተንኮል የሚያስብ ሰው የጃቫ ስክሪፕቱን ደንብ ዘግቶ የፈለገውን በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር መላክ ይችላል። ከስሙ ሣጥን ውስጥ ስም ሳይሆን ለኮምፒዩተር የሚሆን ትእዛዝ ጽፎ የሚልክም አለ። ስለዚህ ያው ምርመራ ሰርቨር በሚባለው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና መደገም አለበት፤ ከሰው የመጣውም ቃል ምን ጊዜም እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ትእዛዝ አይቆጠርም። በር ላይ ዘበኛ ስላለ ገንዘብ ያዡ ካዝናውን ክፍት ትቶ አይሄድም።

የመጨረሻው በር ሲላላ ምን እንደሚሆን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰው እክል፥ በአንድ ሌሊት ብዙ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ። ነገሩ የውጭ ጥቃት እንዳልነበረ ተገልጿል፤ ያላግባብ የተወሰደውም ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደ ነበረ ባንኩ አስታውቋል። የቅጽ አሞላል ስሕተት ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። «የተጠየቀው ካለው ይበልጣልን?» የምትለዋ አጭር ጥያቄ ለጥቂት ሰዓታት ሳትሠራ ብትቀር ዋጋዋ ይህን ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ምርመራ የማይደርስበትም ስሕተት አለ። የማይመስለውን ቃል ፕሮግራሙ ይይዘዋል፤ የሚመስለውን ግን ያሳልፈዋል። በ1970 ዓ.ም. የተወለደ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ዓመቱን በትክክል 1970 ብሎ ቢሞላና ቅጹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጎ ቢወስደው፥ ሁለቱም የሚታመኑ ስለ ሆኑ የሚቃወም ደንብ የለም። ሰውዬው ግን በመዝገቡ 7 ወይም 8 ዓመት አርጅቷል፤ 60 ዓመት ሳይሞላውም የጡረታ ደብዳቤ ይደርሰዋል። አሜሪካውያን ወደ ማርስ የላኩት መንኮራኩር በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጠፋው በዚህ ዓይነት ስሕተት ነው። አንዱ ወገን ኃይልን በእንግሊዝ መለኪያ አስልቶ ሲልክ ሌላው በሜትሪክ መለኪያ አነበበው፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ይመስል ነበር። ለዚህ መድኃኒቱ አጠያየቅን ማስተካከል ነው። ከሣጥኑ አጠገብ «እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ ይጻፍ፤ የወሩ ስም በቁጥር ፈንታ በቃል ይመረጥ፤ በመጨረሻም «ጥቅምት 30 ቀን 1970 ዓ.ም. ተወልደዋል፤ ዕድሜዎ ይህን ያህል ነው፤ ትክክል ነውን?» ተብሎ ለባለቤቱ ይነበብለት። ከሰውዬው የበለጠ ዕድሜውን የሚያውቅ ፕሮግራም የለም።

ስለ መልሱም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ ቅጾች ጉድለት ሲያገኙ «ስሕተት» ብለው ያፈጣሉ፤ የተሞላውንም ሁሉ ያጠፋሉ። መልካም ቅጽ ግን የትኛው ሣጥን፥ ስለ ምን፥ እንዴት እንደሚታረም በትሕትና ይናገራል፤ በትክክል የተሞላውንም ይጠብቃል። ከሩቅ ወረዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዳማ የደረሰን ሽማግሌ «አልተቻለም» ብሎ መመለስ በወረቀቱም ዘመን ነውር ነበር።

እንግዲህ መሥሪያ ቤታችሁ አዲስ ቅጽ ባሠራ ጊዜ፥ ከመረከባችሁ በፊት ራሳችሁ ሙሉትና ፈትኑት። ሁለት ፊደል ያለውን ስም፥ ሁደሃ ያለበትን የቁቤ ስም፥ ጳጉሜን 6ን፥ በነጠላ ሰረዝ የተከፈለውን ብር፥ በ07 የሚጀምረውን ስልክ፥ ባዶውን ሣጥን ስጡት። የሚገባውን ተቀብሎ የማይገባውን በደግ ቃል ከመለሰ ፈርሙበት፤ ያለዚያ ለሠሪው መልሱት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው፤ በሣጥኑ ላይ በአንድ ደቂቃ የሚታረመው ስሕተት መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ የአንድን ሰው ዓመታት ይበላልና።