መብራት ሲመለስ የማይነሳ ፕሮግራም

ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ፣ ግራና ቀኝ ባሉት ቢሮዎች ከጠረጴዛ ሥርና ከመዝገብ መደርደሪያ ጎን የተወሸቁ ሰርቨሮች አሉ። አንዳንዶቹ ወራት ሙሉ ሳይጠፉ ይሠራሉ። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ሄዶ ሲመለስ ስልኬ ይጮኻል፦ «ማሽኑ በርቷል፣ ፕሮግራሙ ግን አልነሳ አለን። መብራቱ ሳያቃጥለው አልቀረም።»

ብዙውን ጊዜ መብራቱ የለበትም። ጉዳቱ የደረሰው ቀደም ብሎ፣ አንድ ሰው ማሻሻያ ሲጭን ወይም አሮጌ ጥቅሎችን ሲጠርግ ነው። ሊኑክስ ላይ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም የከፈተውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን የተግባሮች ፋይል)፣ ፋይሉ ከዲስክ ቢሰረዝም እንኳ፣ ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ይዞት ይቆያል። ጉድለቱ የሚታየው እንደገና ሲነሳ ነው።

እኛን የሚመለከት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የአማርኛ ፊደል ተራንና የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያውቀው አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ፣ በእያንዳንዱ ተግባር ስም መጨረሻ ላይ የእትሙን ቁጥር ይለጥፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሊኑክስ ዝርያ ኡቡንቱ 18.04 የአይሲዩን እትም 60 ይዞ መጣ፤ 20.04 ደግሞ 66ን። በ60 የተገነባ የሂሳብ ፕሮግራም ወደ 20.04 ባደገ ማሽን ላይ አሮጌው ጥቅል ከተጠረገበት በኋላ እንደገና ሲነሳ «ፋይሉ የለም» ብሎ ይቆማል። እዚህ ላይ ነው ብልጠት የሚመጣው። አንዱ የቢሮው ጎበዝ የ66ን ፋይል በ60 ስም ያገናኘዋል። መልእክቱ ይለወጣል፤ አሁን «አንዲፋይንድ ሲምቦል» (ያልተገኘ ሲምቦል፣ ማለትም የተግባር ስም) ይላል፣ ከኋላው በ60 የሚያልቅ የተግባር ስም አስከትሎ። ፋይሉ ተገኝቷል፣ የሚፈለገው ተግባር ግን ውስጡ የለም። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍም እንዲሁ ስሙን ብቻ የያዘ ቅጂ ነው፤ ዋናው መቅደላ ነው ያለው።

እንዲህ ያለ ማሽን ሲገጥመኝ በመጀመሪያ የሐሰቱን ማገናኛ አነሳለሁ። ቀጥሎ «ኤልዲዲ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ማይነስ አር» ጋር እሰጣለሁ፤ የትኛው ላይብረሪ ከየትኛው ማውጫ እንደተጫነ፣ የትኛው ሲምቦል እንደጎደለ ይዘረዝራል። (ከማይታወቅ ሰው በመጣ ፕሮግራም ላይ ግን አይሞከርም፤ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል።) አንዳንዴ ትክክለኛው ፋይል በቦታው እያለ፣ ድሮ በተጻፈና በተረሳ የላይብረሪ መንገድ የተነሳ ሌላ እትም ቀድሞ ሲጫን አገኛለሁ።

ትክክለኛው መድኃኒት ፕሮግራሙን ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር እንደገና መገንባት ነው። ችግሩ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ውጭ አገር ሄዷል፣ ምንጭ ኮዱም አብሮት ሄዷል። ያኔ የእትም 60ን ሦስት ፋይሎች አንድ ላይ አምጥቼ ፕሮግራሙ ብቻ በሚያየው ማውጫ አስቀምጣለሁ። የደኅንነት ማሻሻያ እንደማያገኙ ለባለቤቱ በጽሑፍ እሰጣለሁ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ተነስቶ የሚወድቀው ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ሲምቦሎቹን የሚፈልገው ተግባሩ በተጠራ ሰዓት ስለሆነ፣ ጠዋት በሰላም ተነስቶ የወር መጨረሻ ሪፖርት ሲታዘዝ ድንገት ይሞታል። «ኤልዲ ባይንድ ናው» የሚባለውን ቅንብር 1 ስታደርጉት ግን ሁሉንም ገና ሲነሳ ይፈልጋል፤ የሚወድቅም ከሆነ እዚያው ይወድቃል።

ከማሻሻያ በኋላ ፕሮግራሙን ቅዳሜ ከሰዓት ራሳችሁ አጥፍታችሁ አስነሱት ስላቸው የቢሮዎቹ ሰዎች «የሚሠራ ነገር ለምን እናጠፋለን?» ይሉኛል። ማጥፋቱስ አይቀርም፤ እኛ ካላጠፋነው ሰኞ ጠዋት ወረፋው በር ላይ ቆሞ ሳለ መብራት ያጠፋዋል።