ጥጃ ሻጩና አራቱ ባለቄራዎች

የጥቅምት ወር በገባ ጊዜ በአሜሪካ አገር፥ በነብራስካና በሞንታና፥ በካንሳስና በደቡብ ዳኮታ፥ ከብት አርቢው ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በመጋቢትና በሚያዝያ የተወለዱትን ጥጆች ከእናቶቻቸው ይለያል። በዚያች ሌሊት ላሞቹ እምቧ እያሉ ሲጣሩ ያድራሉና በቤቱ ውስጥ ደኅና አድርጎ የሚተኛ የለም። ጥጆቹ በካሚዮን ተጭነው ወደ ጨረታ ቤት ይሄዳሉ። በዚያም አጫራቹ ምላሱ እንደ ወፍጮ እየተሽከረከረ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢዎቹም ብዙውን ጊዜ ቃል ሳይናገሩ በጣታቸውና በቅንድባቸው ይጫረታሉ። ጥጆቹ ሚዛን ላይ ከወጡ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የአንድ ዓመት ሙሉ ድካም ዋጋው ተቈርጦለት ያበቃል።

አንባቢ ሆይ፥ አሜሪካዊ ከብት አርቢ ሲባል በፊልም እንደሚታየው ሺህ ላም ያለው ባለጠጋ ብቻ አይምሰልዎ። በ2017 በተደረገው የእርሻ ቈጠራ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የሥጋ ላም የሚያረባው እርሻ ብዛት 729 ሺህ ያህል ሲሆን፥ በአማካይ ለያንዳንዱ የሚደርሰው ከ50 ላም በታች ነበር። በ2022 ደግሞ እንደገና ሲቈጠር 622 ሺህ ያህል ብቻ ተገኘ። በ5 ዓመት ውስጥ ከ100 ሺህ የሚበልጥ እርሻ ከዚህ ሥራ ወጣ ማለት ነው። ድርቅም እርጅናም ምክንያት ሆነዋል፤ ልጆች ወደ ከተማ መሄዳቸውም አለበት። ነገር ግን ከአርቢዎቹ ብዙዎቹ ሲጠየቁ አስቀድመው የሚያነሡት የጥጃውን ዋጋና የባለቄራዎቹን ጉልበት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጥጃው የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ጥጃው ጡት ሲጥል 500 ወይም 600 ፓውንድ ይመዝናል (ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ያንሳል)። ከዚያ በኋላ አንዱ ነጋዴ ገዝቶ በሣር ላይ ያቈየዋል፤ ወይም በቀጥታ ወደ አድላቢው ይሄዳል። አድላቢው በበቆሎ ቀልቦ 1,400 ፓውንድ ያህል ሲደርስ ለባለቄራው ይሸጠዋል። ባለቄራው አርዶ፥ በልቶ፥ በካርቶን አሽጎ ሥጋውን ለገበያ ያወጣዋል።

እንግዲህ አድላቢው ለጥጃው የሚከፍለውን ዋጋ እንዴት አድርጎ ይቈርጣል? ከኋላ ወደ ፊት ያሰላል። ለምሳሌ ያህል ሰንጋው በፓውንድ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሸጣል ብሎ ቢያስብ 1,680 ዶላር ያገኛል። ለቀለብና ለሌላ ወጪ 700 ዶላር ቢቀንስ 980 ይቀረዋል፤ ለጥጃው ሊከፍል የሚችለው ይህን ነው። አሁን ባለቄራው ዋጋውን በፓውንድ 10 ሳንቲም ብቻ ዝቅ አደረገ እንበል። በ1,400 ፓውንድ ላይ 140 ዶላር ጐደለ። በቆሎ ሻጩ ስለዚህ ብሎ በቆሎውን አያረክስም፤ ባንኩም ወለዱን አይተውም። ስለዚህ 140 ዶላሩ ተጠቅልሎ በጥጃው ላይ ይወድቃል። ጥጃው 550 ፓውንድ ቢሆን በያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ሳንቲም ያህል ቀነሰ ማለት ነው። በቄራው በር ላይ 10 የነበረው ጉድለት ጨረታ ቤቱ ዘንድ ሲደርስ 25 ሆኖ ይገኛል። ከአርቢው በስተኋላ ደግሞ ጉድለቱን የሚያስተላልፍበት ሌላ ሰው የለም፤ ያለው ሣሩና ላሚቱ ብቻ ናቸው።

ባለቄራዎቹ እነማን ናቸው ቢባል፥ አራት ናቸው፤ ታይሰን፥ ካርጊል፥ የብራዚሉ ጄ ቢ ኤስ፥ እንዲሁም ከ2018 ጀምሮ አብዛኛው ድርሻው በሌላ የብራዚል ኩባንያ እጅ የገባው ናሽናል ቢፍ። በአገሩ ከሚታረደው የደለበ ከብት ከመቶው 85 ያህሉ በእነዚህ በአራቱ ቢላዋ ያልፋል።

ይህ ዓይነት ነገር በአሜሪካ ሲታይ የመጀመሪያው አይደለም። በ1865 በቺካጎ ታላቁ የከብት በረት ከተከፈተ በኋላ የምድር ባቡሩ ከብቱን ሁሉ ወደዚያ ያጐርፍ ጀመር፤ ጥቂት ኩባንያዎችም በረቱንም ቄራውንም የማቀዝቀዣ ፉርጎውንም ያዙ። ከብቱ ከባቡር ከወረደ በኋላ አርቢው የቀረበለትን ዋጋ እንቢ ብሎ ወዴት ይመልሰዋል? በ1917 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ነገሩ እንዲመረመር አዘዙ። መርማሪዎቹም ስዊፍት፥ አርሙር፥ ሞሪስ፥ ዊልሰንና ካደሂ የተባሉት አምስት ኩባንያዎች ገበያውን በስምምነት እንደ ተቈጣጠሩት ገለጹ። ከዚህ የተነሣ በ1921 የባለቄራዎችና የከብት በረቶች ሕግ ወጣ፤ ይህ ሕግ ዛሬም ይሠራበታል። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ገበያው ሰፋ፤ ገዢው በዛ።

መልሶ ያጠበበው አዲስ የአሠራር ዘዴ ነው። በ1960 በአዮዋ የተቋቋመ አንድ ኩባንያ ቄራውን ከትልቅ ከተማ አውጥቶ ከብቱ ወዳለበት ገጠር ወሰደው፤ በ1967 ደግሞ በሬውን ሙሉ ጐን አድርጎ መላክ ቀርቶ ተቈራርጦ በካርቶን እንዲላክ አደረገ። ሥጋው ረከሰ፤ ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ግዙፍ ቄራ ሊያቆም የሚችለው ጥቂት ሰው ብቻ ሆነ። በ1980 አራቱ ትልልቆች የያዙት ከመቶው 36 ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ 80 ያህል ደረሰ። ያ የአዮዋ ኩባንያም ራሱ በ2001 በታይሰን ተገዛ።

ከዚህም ሌላ አርቢዎችን የሚያስቈጣቸው የውሉ ነገር ነው። ዛሬ አብዛኛው የደለበ ከብት በግልጽ ድርድር አይሸጥም፤ አድላቢውና ባለቄራው አስቀድመው ይዋዋሉና ዋጋው በኋላ፥ በዚያ ሳምንት በድርድር በተሸጡት ጥቂት ከብቶች ዋጋ ይወሰናል። በቴክሳስ አካባቢ በድርድር የሚሸጠው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ የማይሞላበት ዓመት አለ። እንግዲህ በጣት የሚቈጠሩት የመቶውን ዋጋ ይወስናሉ፤ ባለቄራውም በውል የያዘው ከብት በበረት ስለሚጠብቀው በዚያ ሳምንት ለመግዛት አይቸኩልም። አድላቢዎች ግን ውሉን ይወዱታል፤ ለከብታቸው ቦታ አስቀድሞ ይያዝላቸዋልና።

በ2014 የጥጃ ዋጋ ከዚያ በፊት ከታየው ሁሉ በልጦ ነበር። ብዙ ሰው ተበድሮ ጊደር ገዛ፤ መሬትም ተከራየ። በ2 ዓመት ውስጥ ዋጋው በግማሽ ያህል ወረደ። በዚያው መካከል፥ በታኅሣሥ 2015፥ የበሬና የአሳማ ሥጋ የተወለደበት አገር በመጠቅለያው ላይ እንዲጻፍ ያዝ የነበረው ሕግ በዓለም የንግድ ድርጅት ክርክር ምክንያት ተሻረ። አርቢዎች ሁለቱን አያይዘው ያነሡታል፤ ሊቃውንቱ ግን የከብቱ መብዛት ዋናው ምክንያት ነው ይላሉ። ለእኔ እንደሚመስለኝ መብዛቱ እውነት ነው፤ ከብት በበዛ ጊዜ ግን የገዢው ጥቂትነት ይበልጥ ይሰማል።

በነሐሴ 2019 በካንሳስ በሆልኮም መንደር ያለው የታይሰን ቄራ ተቃጠለ። ይህ አንድ ቄራ ብቻውን የአገሩን የደለበ ከብት ዕርድ 6 ከመቶ ያህል ይሠራ ነበር። የከብት ዋጋ ወዲያው ወረደ፤ የሥጋ ዋጋ ደግሞ ወጣ። በ2020 ጸደይ ኮሮና ሠራተኞቹን ሲጥል ይኸው ነገር በባሰ ሁኔታ ተደገመ፤ በከብትና በሥጋ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ በፊት ያልታየ ሆነ። ባለቄራዎቹ ይህ የገበያ ሕግ ነው፤ ቄራ ሲዘጋ ከብት ይተርፋል፥ ሥጋ ይጐድላል አሉ። ነገሩ በስሌት ትክክል ነው። ነገር ግን አርቢው የጠየቀው አንድ ቄራ ሲቃጠል የአገር ገበያ የሚናወጠው ስለ ምንድን ነው ብሎ ነው።

በፍርድ ቤት የሞከሩም አሉ። በ2004 በአላባማ የተሰየሙ ዳኝነት ሰሚዎች በታይሰን ላይ 1.28 ቢሊዮን ዶላር ፈርደው ነበር፤ ዳኛው ግን ፍርዱን ሻረው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2005 የዳኛውን ውሳኔ አጸና። በ2019 አርቢዎች በአራቱም ላይ ሌላ ክስ መሠረቱ። ከተከሳሾቹ ጄ ቢ ኤስ በ2025 መጀመሪያ ጥፋት መሥራቱን ሳያምን 83.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለመታረቅ ተስማማ። ገንዘቡ ብዙ ይመስላል፤ ለከሳሾቹ ሁሉ ሲከፋፈል ግን የጥቂት ጥጃ ዋጋ ነው።

ፍርድ እስኪመጣ አርቢው በየቤቱ ብልሃት ይፈልጋል። ድርቆሽ የተረፈው ጥጆቹን በጥቅምት አይሸጥም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣ ዋጋው ይረክሳልና እስከ ጥርና የካቲት ያቈያቸዋል። ሌላው ጥጆቹን ከሜዳ ሳያስነሣ ሥዕላቸውን አስነሥቶ በቴሌቪዥን ጨረታ ያቀርባል፤ በዚህም ከሩቅ ያለ ገዢ ያገኛል። ብዙው ቤት ግን የሚቆመው በሌላ ደመወዝ ነው፤ ሚስቲቱ በትምህርት ቤት ወይም በሐኪም ቤት ትሠራለች፥ የቤተሰቡም የሕክምና ዋስትና የሚመጣው ከዚያው ነው።

ተባብረው ቄራ ለመያዝ የሞከሩም አልጠፉም። በ1990ዎቹ መጨረሻ አርቢዎችና አድላቢዎች በማኅበር ተደራጅተው በናሽናል ቢፍ ውስጥ ድርሻ ገዙ፤ በ2003 አብዛኛውን ያዙ፤ በ2011 ግን ጥቂት ድርሻ ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሸጡት። በ2025 ደግሞ በነብራስካ በኖርዝ ፕላት ከተማ አርቢዎችና አድላቢዎች ያቋቋሙት፥ ዎልማርት የተባለው ታላቅ ሱቅ ድርሻ ያለው፥ በቀን 1,500 ከብት ሊያርድ የሚችል ቄራ ሥራ ጀመረ።

አሁን ሚዛኑ ዞሯል። ድርቅና ኪሳራ ላሙን አሳልፈው ስለ ሰጡ በ2025 መጀመሪያ የአገሩ ከብት 86.7 ሚሊዮን ብቻ ሆነ፤ ከ1951 ወዲህ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን ያህል አንሶ አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት የጥጃ ዋጋ ከ2014ቱም በለጠ፤ በከብት ሥጋ ሥራ የሚከስረው ደግሞ ባለቄራው ሆነ። በኅዳር 2025 ታይሰን በነብራስካ በሌክሲንግተን ከተማ ያለውን፥ 3 ሺህ ያህል ሰው የሚሠራበትን ቄራ በጥር 2026 እንደሚዘጋ አስታወቀ። ቄራው ከኖርዝ ፕላት የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ብቻ ነው።

በነብራስካ ያለው አርቢ አሁን የሚያስበው ስለ ጊደሮቹ ነው። ዛሬ ቢሸጣቸው አባቱም አያቱም ያላገኙትን ዋጋ ያገኛል፤ ዕዳውንም ይከፍላል። ለርቢ ቢያስቀራቸው ግን የመጀመሪያ ጥጃቸው ለጨረታ የሚደርሰው ከ2 ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጐረቤቶቹም ሁሉ እንደ እርሱ አስቀርተው እንደ ሆነ፥ ጥጆቹ የሚቆሙት ገዢው በአንድ ቄራ ጐድሎ በሚጠብቅበት ሚዛን ላይ ይሆናል።