ስለ ውርጭ አገር መለወጥና ስለ ሕዝቡ ኑሮ

የኢትዮጵያ ምድር እንደ ሙቀቱና እንደ ብርዱ ልክ ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋና ውርጭ ተብሎ ይከፈላል። ውርጭ የተባለው ከደጋው በላይ ያለው ከፍታ ነው፤ ጓሳ፥ አስታና ጅብራ ይበቅሉበታል። ጠፍ መሬት መስሎ ቢታይም ጥቅሙ ለታችኛው አገር ስለሆነ፥ ሹማምንትና ባለይዞታዎች ለውጡን ሊያውቁት ይገባል።

የዓለም ሙቀት መጨመር የበረታው በሰሜን ዋልታ ነው። ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ ያ አገር ከዓለም መካከለኛ ልክ ወደ 4 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። ምክንያቱም ነጩ በረዶ የፀሐይን ብርሃን ይመልስ ነበር፤ በረዶው ሲቀልጥ ግን ጠቆር ያለው ባሕር ሙቀቱን ይቀበላል፥ ይህም የቀረውን በረዶ ያቀልጣል። በኖርዌይና በስዊድን ሰሜን የሚኖሩት ሳሚ የተባሉ አጋዘን አርቢዎችም፥ በብርዱ ወራት በበረዶው ላይ ዝናብ ሲወርድ ውኃው ረግቶ ግጦሹን ስለሚዘጋው መንጋቸው ይራባል።

የኢትዮጵያ ውርጭም እንዲሁ መሸሻ የለውም፤ ከተራራ ራስ በላይ ሌላ ተራራ የለምና። ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቀው፥ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በደንቆሮ ደን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይገኛሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሰውም ከ500 ያንሳል። ብርዱ ሲቀልልና የገበሬው ይዞታ ሲጠብ ገብሱ ወደ ላይ ይወጣል። ጓሳው ሲታረስ ግን ቀስ ብሎ ወደ ምንጭ ይሰርግ የነበረው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ በወግዲም ሆነ በቦረና፥ ከላይ የታረሰው ተዳፋት ከታች ያለውን ማሳ ይጎዳል።

በመንዝ ጓሳ የቄሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፥ በወቅቱ እየከፈተ ይጠብቅ ነበር። ሥርዓቱ በርስት ባለመብቶች ላይ የቆመ ስለነበረ፥ የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተጠቃሚ ያልሆነ ሰው ጠባቂ አይሆንም። እንግዲህ ሹሙ አስቀድሞ ከሽማግሌዎች ጋራ ወሰኑን ይለይ፤ የማጨጃውን ወራት ለሁሉ በድርሻ ይደልድል፤ ወደ ላይ እንዳያርስ የተከለከለውም ገበሬ የታችኛውን ማሳ በእርከንና በፍግ እንዲያለማ ይርዳው። ክልከላ ብቻውን ግን ሌሊት የሚያርስ ገበሬን ያፈራል።