ያልደረሰ ሳንባና የጭንቀት ሆርሞን

ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት በአብዛኛው በምን ምክንያት ይሞታሉ? ይህን ለማጣራት እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጥናት ተካሂዶ ነበር። በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አንዱ ነው። በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት መካከል 1,109ኙ በ28 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። ቀዳሚው መንስኤ፣ 45 በመቶ የሚሆነው፣ ሳንባ ባለመብሰሉ የሚመጣው የመተንፈስ ችግር ነበር።

ሳንባ በሰለ የሚባለው ሰርፋክታንት የተሰኘውን ቅባታማ ንጥረ ነገር በበቂ ሁኔታ ሲያመነጭ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ከሌለ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይጣበቃሉ። አመንጪ ሕዋሳቱን የሚያነቃቃው ደግሞ ኮርቲሶል፣ ማለትም የጭንቀት ሆርሞን ነው። የኒውዚላንዱ ሐኪም ግርሃም ሊጊንስ የምጥን መነሻ በበጎች ላይ ሲመረምር፣ ይህን መሰል ሆርሞን የተሰጣቸው ግልገሎች ያለጊዜያቸው ተወልደው እንኳ መተንፈሳቸውን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ከሮስ ሃዊ ጋር በመሆን ሕክምናው በሰዎችም ላይ እንደሚሠራ አሳወቀ። ዛሬ ዴክሳሜታዞን ወይም ቤታሜታዞን ለእናቲቱ በመርፌ ይሰጣል፤ ጠቅላላ መጠኑም 24 ሚሊግራም ነው።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። የእንግዴ ልጅ የእናቲቱን ኮርቲሶል በአብዛኛው አምክኖ ፅንሱን ይጠብቀዋል፤ ሰው ሠራሾቹን ሆርሞኖች ግን ማምከን ስለሚያዳግተው ወደ ፅንሱ ያልፋሉ። የፅንሱ አንጎልም «ሆርሞኑ በዝቷል» የሚል መልእክት ስለሚደርሰው፣ ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ዕጢ ትእዛዛቸውን ይቀንሳሉ፤ የፅንሱ አድሬናል ዕጢም ለጊዜው ኮርቲሶል ማምረቱን ይገታል። ከተወለደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሕፃኑ ለሕመም የሚሰጠው የሆርሞን ምላሽ የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል።

ዘላቂ ጉዳት አለውን? እ.ኤ.አ. በ2020 በፊንላንድ 670,097 ልጆችን ያካተተ ጥናት፣ ሕክምናው ከአእምሮና ከባሕርይ ችግሮች መብዛት ጋር ግንኙነት እንዳለው አመልክቷል። ግንኙነት ማለት ግን መንስኤ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል በሊጊንስና ሃዊ ሙከራ የተወለዱት 30 ዓመት ሲሞላቸው በተደረገው ክትትል የጎላ የጤና ልዩነት አልታየባቸውም።

ስለዚህ ቁም ነገሩ ጊዜውን መለየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ሕክምናው ከ24ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት፣ ወሊዱ በሰባት ቀን ውስጥ የሚጠበቅ ሲሆን ይሰጣል። ትንፋሽ ላጣ ሕፃን መርፌው ሕይወት ነው፤ በጊዜው ለሚወለደው ግን ያልተፈለገ ሸክም ሊሆን ይችላል። የእርግዝናን ዕድሜ በትክክል ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።